ዛሬ ማን ነግሦ አደረ?

ግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው ቤት ስገባ ከደም ግፊትና ከመድኃኒት በፊት የማጣራው ነገር ነበረኝ። የማስታምማቸው ሽማግሌ ልጅ በሩን ከፍታልኝ ወደ ሥራ ለመውጣት የመኪና ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋን ስታተራምስ፣ «ዛሬ ማን ነግሦ አደረ?» እላታለሁ። «ንጉሡ» ካለችኝ ቀኔ ቀለል ይላል። «ኮሎኔሉ» ካለችኝ ጃኬቴን ሳላወልቅ ልቤ ይከብዳል። ቀልዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሳይቀልዱ የሚዋልበት ቤት አልነበረም።

ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ ሰው ቤት እየሄድኩ አቅመ ደካሞችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ሽማግሌው ሊቢያዊ ናቸው፤ በአገራቸው የታሪክ መምህር ነበሩ። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ግን ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ታሪክ ተራው ተዘባርቆባቸዋል። አንዱን ጠዋት በንጉሡ ዘመን ይነሣሉ፣ ሌላውን በኮሎኔሉ። የቱ እንደሚመጣ ማታ ላይ ማንም አያውቅም።

ንጉሡ በነገሡበት ቀን ገና ሥራ የጀመሩ ወጣት መምህር ናቸው። ተላጩ ስላቸው ይላጫሉ፣ ክራባት አምጪ ይሉኛል፣ እኔንም ተማሪ አድርገው ስለ ኦቶማኖችና ስለ ጣሊያኖች ያስረዱኛል። ንጉሡ ለሕክምና ወደ ውጭ ሄደዋል፣ በቅርቡ ይመለሳሉ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። እንዳልተመለሱ ዐውቃለሁ፤ ኮሎኔሉና ወታደሮቻቸው ሥልጣኑን የያዙት ንጉሡ እዚያው ውጭ እንዳሉ ነው። ኮሎኔሉ በነገሡበት ቀን ደግሞ እኚያው ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ የተደበቀ ነገር እንዳለ ፈትሸው ነው የሚቀመጡት። ሦስተኛ ዓይነት ቀንም አለ፤ ኮሎኔሉ ከወደቁ በኋላ ያለው። ያን ቀን «አሁን ማን ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? አገሩ ራሱ የተስማማበት መልስ የለውም።

ዐረብኛውን የተማርኩት ትሪፖሊ ነው፤ በኮሎኔሉ የመጨረሻ ዓመታት ሰው ቤት ስሠራ። ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ቱኒዝያ ድንበር ሸሸሁ፣ እዚያ ካለው የስደተኞች ካምፕ ነው ወደዚህ ወደ ኦሮራ የመጣሁት። ትሪፖሊ መንገድ ላይ ባሪያ እያሉ ድንጋይ የወረወሩብኝን ልጆች አልረሳሁም። ስለዚህ የምሠራበት ኤጀንሲ ሊቢያዊ ሽማግሌ አሉ ሲለኝ ሌላ ሰው ፈልጉ ልል ነበር። የቤት ኪራይ አፌን ዘጋው። ሽማግሌው ግን፣ በየትኛውም ንጉሥ ዘመን ይሁኑ፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ወደድኳቸው። ደመወዝ ስለሚከፈለኝ አይደለም፤ በቃ ወደድኳቸው።

ጭንቃችን ምግብ ነበር። በኮሎኔሉ ዘመን ሽማግሌው አይበሉም። ማንኪያ ሳስጠጋቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ያዞራሉ። የኮሎኔሉ ቀናት እየበዙ ሲሄዱ ሰውዬው ከሱሪያቸው ውስጥ እያለቁ ሄዱ። ሊያያቸው የሚመጣው ነርስ ከዚህ በላይ ከቀነሱ ነርሲንግ ሆም መግባታቸው እንደማይቀር ለልጃቸው በግልጽ ነገራት። እሷ ደግሞ ፋርማሲ ውላ ትገባለች፣ አላገባችም፣ ያላት ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ በራሳቸው ቤት፣ ቋንቋቸውን በሚሰማ ሰው መሐል እንዲያልፉ። ነርሲንግ ሆም ከገቡ ዐረብኛ የሚያወራቸው አይኖርም።

አንድ ሌላ ዘመድ ነበራት፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ሳሎን ውስጥ እሷን በትከሻው ተሸክሞ የሚስቅበት ፎቶ አለ። ትንሽ ልጅ ሳለች ድንገት ጠፋ። ወደ ማልታ ሥራ ፍለጋ ሄዷል ተባለች፤ ስታድግ ግን አላመነችም። ኮሎኔሉ በወደቁ ጊዜ ሥራዋን ጥላ አገሯ ገብታ፣ የአጎቷን ፎቶ ይዛ፣ ከየእስር ቤቱ በር የቆሙትን እናቶች ተቀላቅላ ቆማለች። የሚያውቀው ሰው አላገኘችም። አባቷን ስትጠይቃቸው «ማልታ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ይህን የነገረችኝ ወጥ ቤት ቆመን ነው፤ እያወራች ሰሐን ታጥብ ነበር፤ የታጠበውንም መልሳ ታጥባለች።

የንጉሡን ፎቶ ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሃቫና ስትሪት ላይ ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ የኛ ንጉሠ ነገሥት ከነሚስታቸው ተሰቅለዋል። ከአጠገባቸው የቢራ ማስታወቂያ አለ። በዘመናቸው የታሠረ ሰው ልጅም ከሥራቸው ቁጭ ብሎ ክትፎውን ይበላል፣ ማንም ቅር አይለውም። የኛ ነገር እንደዚህ ነው፤ የሞተ ንጉሥ ጌጥ ይሆናል። እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ቀን አሰብኩ፤ ሽማግሌው የሚበሉት በንጉሡ ቀን ብቻ ከሆነ ንጉሡን ለምን አንሰቅልላቸውም? ዓይናቸውን ሲገልጡ ንጉሡ ፊታቸው ካሉ ሁልጊዜ የንጉሡ ቀን ይሆናል። ለምግብ ቤቱ ባለቤት ሳጫውታት አልሳቀችም። «ፕሪንት አድርገሽ አምጪልኝ እንጂ ፍሬም እዚህ ሞልቷል» አለችኝ።

ልጃቸው ፈራ ተባ አለች። እኔ ነኝ የገፋፋኋት። ነጭ ጢም ያላቸውን፣ መነጽራሙን የሊቢያ ንጉሥ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሰቀልናቸው። በማግሥቱ ሽማግሌው ሲነቁ አይተዋቸው ተነሥተው ቆሙ፣ የፒጃማቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። እንቁላሉንም ቂጣውንም በሉ። ሁለታችን ወጥ ቤት ገብተን ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ በኋላ በጣም ጥሩ ጊዜ ነበር። ጉንጫቸው ሞላ። ነርሱ ምን እንዳደረግን ሲጠይቀኝ «ንጉሥ ሾምን» አልኩት፤ ሳይገባው ሳቀ። እኔም እንደ ትልቅ ሐኪም ደረቴን ነፍቼ ነበር፣ አልዋሽም።

በረዶ የጣለ ቀን ነበር፤ ልጃቸው መንገዱ ሳይዘጋ ብላ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታለች። ሽማግሌው ከቀትር እንቅልፋቸው ሲነቁ እኔ ሾርባ ይዤ እየገባሁ ነበር። ወደ ግድግዳው አዩ። ከአልጋቸው ወርደው፣ በሌላ ቀን ደግፌ የማስነሣቸው ሰው፣ በፍጥነት ሄደው ፎቶውን አውርደው ፊቱን ወደ ወለል ደፉት። መጋረጃውን ዘጉ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ወደ እኔ ቀና አሉ። የሚያዩት እኔን አልነበረም። በእሳቸው ዓይን የአብዮታዊ ኮሚቴ ሰው መጥታባቸው ነበር። ኮሎኔሉ በየሰፈሩ እንደዚያ የሚባሉ፣ እየሰለሉ ሰው የሚያስወስዱ ሰዎች ነበሯቸው፤ እኛም ዘንድ በሌላ ስም ነበሩ፤ ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም።

«እኔ አይደለሁም የሰቀልኩት» አሉ።

ሐጂ፣ ማንም የጠየቀዎት የለም አልኳቸው። እኔ ነኝ፣ ሾርባ ይዤ ነው የመጣሁት አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ዕድሜ ልካቸውን ክፍል ውስጥ እንዳስተማሩ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ ቃል በቃል እንድይዘው ቀስ እያሉ ተናገሩ።

«የሰቀለው ወንድሜ ነው። ባሕሩ አጠገብ አክስታችን ቤት ነው ያለው። ከኋላ በኩል በር አለው፣ በዚያ እንዳይወጣባችሁ።»

ልጃቸው ከነካፖርቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደገባች አልሰማሁም። ሽማግሌው እሷንም አዩ፤ ሁለት ሆነን የመጣን መሰላቸው። ልመና ጀመሩ። ልጄ ገና ሕፃን ናት፣ እናቷም ታማለች፣ እኔ ከሌለሁ ማንም የላቸውም አሉ። ዝም ማሰኘት ፈለግሁ፤ እሷ ሌላ እንዳትሰማ ፈለግሁ። «እሺ፣ በቃ፣ ሰምተናል» አልኩ። «ልጅዎን ማንም አይነካም።»

ትከሻቸው ወረደ። በረጅሙ ተነፈሱና ሾርባውን አዩት። እስኪያልቅ በሉ። በንጉሡ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲበሉ አይቼ አላውቅም፤ ቂጣውን ሰሐኑ ላይ እያሹ ጨረሱት። ከዚያ ተኙ።

ልጃቸው ጋራዥ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ብዙ ቆይቼ ወጥቼ መስኮቱን አንኳኳሁ። አላለቀሰችም። ስንት ዓመት እንደፈለግሁት ታውቂያለሽ አለችኝ፤ መልሱን የሚያውቀው ሰው እኮ ቤት ውስጥ ቁርስ ያበስልልኝ ነበር አለች። ከዚያ ደግሞ፣ አባቴ ወንድሙን አሳልፎ የሰጠው ስለ እኔ ነው አለች፤ ብጠላው እንኳ ሙሉ ለሙሉ መጥላት አልችልም አለችኝ። እኔ ያንን ፎቶ ባልሰቅል ኖሮ አጎቷ ማልታ ይኖር ነበር።

ፎቶውን ወሰድኩት። መኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው ያለው፤ ልጥለውም ልመልሰውም አልሆነልኝም። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ንጉሡን ረሱ። በየቀኑ የኮሎኔሉ ቀን ሆነ፣ በየቀኑም ከንፈራቸው ገጠመ። እሷ ከእኔ ጋር ካልሆነ በቀር ከአባቷ ክፍል አትገባም ነበር፤ ትገባና ከበሩ አጠገብ ትቆማለች። ነርሱ መጣ፣ መዘናቸው፣ ነርሲንግ ሆሙን የምታይበትን ቀን ሰጣት።

ያን ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «በረዶ የጣለ ቀን የበሉት ስለተናገሩ ነው» አለችኝ። ቀድሜ ዐውቄዋለሁ፤ እሷ እንዳትደርስበት ነበር የምጸልየው። «አንቺ እንደ ኮሚቴ ሆነሽ ብትጠይቂያቸው?» አለች።

እምቢ አልኩ። በዚያ ቤት እምቢ ያልኩት ሥራ አልነበረም፤ የሰው ገላ የሚያወጣውን ሁሉ አጥቤያለሁ። ያንን ግን እምቢ አልኩ። የኛም ንጉሥ ወርደው ወታደሮቹ በገቡ ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ አባቴ አንድ ቀን ቀበሌ ተጠርቶ ሄዶ ተመልሷል። በዚያው ሳምንት የተወሰደው ጎረቤታችን አልተመለሰም። እናቴ ሁለቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ፤ ከዚያ ሌላ አልጨመረችም። አባቴን ምን ጠየቁህ፣ ምን መለስክ ብዬው አላውቅም። ሞቷል። ከጎረቤታችን ልጆች ጋር አብረን ነው ያደግነው። ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ልጅ አልነገርኳትም፤ «አልችልም እህቴ፣ ሌላ ነገር እዘዢኝ» ብቻ አልኳት። አልተቆጣችም።

በማግሥቱ ከሥራ ቀረች። እኔ ሾርባውን አሙቄ ስገባ እሷ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀምጣ አገኘኋት። በጎናቸው ተቀመጥኩና ማንኪያውን ያዝኩ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ገጥመው እሷን እሷን ያያሉ።

«ፎቶውን የሰቀለው ማን ነው?» አለቻቸው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«ወንድሜ» አሉ። የአክስታቸውን ቤት ነገሯት፣ የኋላውን በር ነገሯት። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ፣ እኔም አጎረስኳቸው። የመጀመሪያውን ዋጡ፣ ሁለተኛውን ዋጡ፤ በመሐል እጄን ያዝ አድርገው አስቆሙኝና ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«ልጄን ግን አትንኩብኝ።»

«አንነካትም» አለቻቸው።