ለጋሼ የሠራሁት ሜኑ

ሰሞኑን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተራ ስጠብቅ ወለል የምታጸዳ ልጅ ባልዲዋን ይዛ አለፈች። የአሞኒያው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠውና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሽታው ብቻ ግን አልነበረም።

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተቀጠርኩበት የቤት ፕላን መሥሪያ ቢሮ እንዲህ ነበር የሚሸተው። የፕላን ማባዣው ማሽን በአሞኒያ ይሠራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መስኮት ስለማይከፈት ሁላችንም እያነባን እንሠራለን፤ ጋሼ ብቻ አያነቡም። ዕድሜ ልካቸውን በቀለም ብዕርና በማስመሪያ ፕላን ሲነድፉ ኖረው ለምደውታል።

ኮምፒዩተር የገባ ዕለት የቢሮው ባለቤት "ከእንግዲህ በእጅ መንደፍ የለም" አለ። ፕሮግራሙ ርካሹ፣ ለጀማሪ የሚሆነው ዓይነት ነው፤ ትእዛዙ ሁሉ እንግሊዝኛ። ጋሼ ደግሞ እንግሊዝኛ አይሆንላቸውም። አንድ መስመር አስምረው ሳይጨርሱ "ያ ኢንተላ ኮ፣ ማሎ ነይማ!" ይሉኛል። ልጄ፣ እባክሽ ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን የፕሮግራሙ ሜኑ፣ የትእዛዞቹ ዝርዝር፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል መሆኑን ደረስኩበት። ከፍቶ ቃሉን መቀየር፣ ማዛወር፣ ማጥፋት ይቻላል። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው በኦሮምኛ እየነገሩኝ፣ ከልጆቻቸው በለመዱት የቁቤ ፊደል እያረሙኝ ጻፍኩ፦ ለበር በልበላ፣ ለመስኮት ፎዳ፣ ለማጥፊያ ሐቂ። የቀረውን እንግሊዝኛ እንዳያደናግራቸው ብዬ ከሜኑው ጠራርጌ አወጣሁት።

"አቦ፣ አሁን ሰው ሆነ!" አሉ ስክሪኑን እያዩ።

ብዙም ሳይቆዩ ከእኔ ፈጠኑ። ቢሮው ሁሉ አደነቀኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ለሳቸው አዝኜ ያደረግኩት አስመስዬ አወራ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ በየደቂቃው መጠራት ሰልችቶኝ ነው።

በኋላ ቢሮው ተዘጋ። እኔ ኮሌጅ ረዳት መምህር ሆኜ ገባሁ፤ ጋሼን አንድ ሥራ ተቋራጭ ለነዳፊነት ሊፈትናቸው ጠራቸው። ፕሮግራሙ ያው ነው ስለተባሉ ኮታቸውን ለብሰው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። "ይቺማ ለእርስዎ ምን አላት!" ብዬ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ያ ሜኑ ከእኛ ቢሮ ኮምፒዩተር ሌላ የትም እንደሌለ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከፈተናው መልስ ወደ እኔ መጡ።

"በልበላ አጣሁ" አሉኝ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "አንድ ግድግዳ አስምሬ፣ በሩን ስፈልግ ሰዓቱ አለቀ።"

ይቅርታ ልል ስጀምር "ተዪው፣ አንቺ ምን አደረግሽ" ብለው ዣንጥላቸውን አነሱ። ሸቤ ወርደው የወንድማቸው ቡና እርሻ ላይ ሥራ ገቡ። ከዚያ ወዲያ ፕላን አልነደፉም።

ዛሬ ተማሪዎቼ አንድ ትእዛዝ ጠፍቶባቸው ሲጠሩኝ ራሳችሁ ፈልጉ እላለሁ። ክፉ ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ከዚያ ፈተና ከዓመታት በኋላ ለሥራ ሸቤ ወርጄ ሳለሁ ጋሼ ገበያው መሃል አዩኝ። የቡና ጆንያ ተሸክመው ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ! መኪና ውስጥ ገብቼ በተደበቅኩ። እሳቸው ግን ጆንያውን መሬት ጥለው፣ አቅፈው ሳሙኝና ባለቤታቸውን ጮክ ብለው ጠሩ።

"ነይ እያት! ኮምፒዩተር ያስተማረችኝ ልጅ ይቻትልሽ!"

ሴትየዋ ሁለት እጄን ያዙ። "አላህ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ፣ ልጄ" ብለው መረቁኝ። ጋሼ ፊታቸው በርቶ አፍ አፌን ያዩኛል።

አሜን አልኩ።