አሥሩም ወንበር

በአዳራሹ በር ላይ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እጇ የገባውን ትኬት ጫፉን ትገነጥላለች፤ ጫፉ የተገነጠለ ትኬት ደግሞ ሌላ ሰው አያስገባም።

አምና እናቷ በወጣትነቷ የምትወደውን ዘፋኝ ልትሰማ ጓጉታ ነበር። ትኬቱን ግን ሰፈሩ «መዥገር» የሚለው ነጋዴ ገና በጠዋቱ ጠራርጎ ገዝቶ በአምስት እጥፍ ይቸበችብ ጀመር። ትኬት ቆራጯ ሄዳ ብትለምነው፣ «እህቴ፣ ገበያ ነው» ብሎ ሸኛት። እናቷ ሙሉውን ዝግጅት ከግንቡ ውጭ ቆማ ሰማች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘንድሮ መዥገር እዚያው በር ላይ ሲሸጥ፣ አንድ ገዢ «ፎርጅድ ቢሆንስ?» ብሎ ተጠራጠረ። መዥገር የቀሩትን አሥር ትኬቶች ለቆራጯ ሰጣትና «እስቲ አይተሽ መስክሪልኝ፣ እህቴ» አላት።

አየቻቸው። አሥሩንም ደርባ ጫፋቸውን በአንዴ ገነጠለችው።

«አበድሽ እንዴ?» አላት መዥገር።

«ትክክለኛ ናቸው» አለችው ገዢውን። ከዚያ ወደ መዥገር ዞራ መንገዱን ለቀቀችለት። «ግባ፣ ወንድሜ። አሥሩም ወንበር ያንተ ነው፤ እንደ እናቴ አትቆምም።»