ደብል የማን ልጅ ነው?

ዛሬ አንዲት ተማሪዬ ውጤቷን አይታ «ደብል መታሁ!» ብላ ስትጮህ፣ የአባቴ መዳፍ ክንዴን የጨበጠኝ መሰለኝ። ደብል መምታት ማለት ጎበዝ ተማሪ በፈተና አልፎ አንድ ክፍል ሲዘል ነው። አባቴ ግን ይህን አያውቅም ነበር።

ከተማ፣ ቁስቋም አክስቴ ዘንድ ሆኜ አምስተኛ ክፍል ስማር፣ አባቴ ደብል መምታቴን ገበያ ሰምቶ ከአገራችን ከትክል ድንጋይ መጣ። ጠመንጃውን እንዳነገተ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ክንዴን ያዘኝ። ጋቢው ዝናብ ዝናብ ይሸታል።

«ምነው መታሽው? ደብል የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም፣ አባየ!»

«ዝም በይ! ደም ሳንቃባ ዛሬውኑ ወደ አገር እንሄዳለን!»

መምህሬ ሮጠው ደረሱ። «አያ ታከለ፣ ልጅዎ ማንንም አልመታችም። ጎበዝ ስለሆነች ከአምስተኛ ወደ ሰባተኛ ዘለለች።»

አባቴ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያ ስምንተኛን ጨርሳ አንድ ዓመት ቀድማ ትመለስልኛለች?»

መምህሬ አዩኝ። በዚህ አያያዜ ሁለተኛ ደረጃም እንደምቀጥል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«አዎ፣ አባየ» አልኩት።

«ሸጋ» ብሎ ክንዴን ለቀቀና ብቻውን ተመለሰ።

ይኸው አስተማሪ ሆኜም አልተመለስኩም፤ አባቴ ቤት የምገባው እንደ እንግዳ ነው።