የየኔታ አንገት

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ፎቶ አንሺ ነኝ" እላለሁ። "የት?" ሲለኝ "ሆስፒታል" እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፊት በቃሌ አውቀዋለሁ። "ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ማን ፎቶ ይነሳል?" ይለኛል። ቁስል ይነሳል፣ እብጠት ይነሳል፣ የተቃጠለ ክንድ ይነሳል ብዬ ስነግረው "ኧረ በስመ አብ!" ብሎ ወሬ ይቀይራል። እኔም እተወዋለሁ፤ ለሁሉም ሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ድሮ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ሙሽራ አስተካክዬ፣ ሚዜ ገፍቼ፣ ከአማት ጋር ተጨቃጭቄ ኖሬያለሁ። ሆስፒታሉ ለሐኪሞች ክትትልና ለተማሪዎች ማስተማሪያ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሲፈልግ፣ ከሠርግ ጭቅጭቅ ይሻላል ብዬ ገባሁ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ከበሽተኛው ጀርባ ይሰቀላል፤ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ ይነሳል፤ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ። ብርሃኑም ርቀቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ምን እንደተለወጠ አይታወቅም። ማሳመር የለም። ብዥ ያለ ፎቶ ደግሞ ወዲያው ይጠፋል። በዚህ ነገር ጨካኝ ነኝ፤ በሽተኛው ተንቀሳቅሶ የተበላሸ ፎቶ እኔ ካሜራ ውስጥ ውሎ አያድርም።

ያላሰብኩት ሰዉን ነው። የገጠር ሰው ፎቶ ሲባል ይዘጋጃል። ጸጉሩን በውኃ ያስተኛል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ እብጠቱን በደንብ ይሸፍንና ደረቱን ነፍቶ እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "አባቴ፣ እኔ የምፈልገው እኮ የሸፈኑትን ነው" ስለው ፊቱ ይጠቁራል። አንዲት እናት "አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ጎን እያለኝ የታመመውን ታነሻለሽ?" ብለው በቁጣ ወጥተዋል። እውነታቸውን ነው፤ ማን ይወዳል?

የኔታም ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ጠቅልለው ነበር የመጡት። ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጡ የዜማ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው አብረዋቸው ነበሩ፤ ቀጠን ያሉ፣ ምላሳቸው ፈጣን የሆነ ሴት።

"ጋቢያቸውን አስወልቂልኝ እስቲ" አሉኝ ገና ከበሩ። "እኔስ አቅቶኛል። ስንት ዓመት ሸፍነው ኖሩ፤ አሁን ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት። ጎትቼ ነው ያመጣኋቸው!"

"ልጄ" አሉኝ የኔታ፣ ሚስታቸውን እንዳልሰሙ ሆነው፣ "ይህን ላንቺ ማሳየት ግድ ነው?"

"ግድ ነው፣ የኔታ።"

"እንግዲያስ ቶሎ በይ።"

ጋቢያቸውን ሲያወርዱ እንቅርቱ ሁለት ጡጫ ያህል ሆኖ ወጣ። ብዙ እንቅርት አንስቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። "ቀና ይበሉ" አልኳቸው፤ ቀና አሉ። ሦስቱንም ጎን አነሳሁ። ግርማ ሞገሳቸው አላፈናፍን ስላለኝ፣ እኔ ለፍላፊዋ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር ጨረስኩ።

ሐኪሙ እዚያው መጣ። ወጣት ሰርጅን ነው፤ እጁ የተመሰገነ፣ ትንሽም ኩራት ያለበት። የኔታ ፊት ሲቀመጥ ግን ኩራቱን የት እንዳደረገው እንጃ።

"የኔታ፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለ። "ከእንቅርቱ ኋላ፣ በቀኝም በግራም፣ ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ አለ። ክር ያህል ነው። እጠነቀቃለሁ፤ ነገር ግን እንቅርቱ ትልቅ ስለሆነ ነርቩ ከተጎዳ ድምፅዎ ሊሄድ ይችላል። ካልተሠራ ደግሞ ትንፋሽዎን ይዘጋዋል።"

ሚስትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የኔታ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ።

"ዶክተር፣ ያለኝ ሁሉ እዚህ ነው" አሉ። "ከመምህሬ አፍ በጆሮዬ ተቀበልኩ፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ከእኔ አፍ ይቀበላሉ። ያልጨረሱ ልጆች ጥዬ ነው የመጣሁ። ድምፄ ከሄደ በምን አስተምራቸዋለሁ?" እጃቸውን ከአንገታቸው አወረዱና "ቢሆንም ቁረጥ። ካልተነፈስኩም አላዜም" አሉት።

ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቼ ማንሳት ለመድኩ እንጂ አልወደድኩትም። ያን ቀንም ጋውኔን ለብሼ ጥግ ቆሜ፣ መቼ በጨረሱ እያልኩ ነበር። ሐኪሙ ከሠራ ከሠራ በኋላ ቀጥ አለ።

"ነይ፣ ይሄን አንሺልኝ። ቀረብ በይ።"

ቀረብኩ። ባወጡት እብጠት ቦታ፣ ከቀዩ ሥጋ መሀል፣ አንድ ነጭ ነገር ታየኝ። የጥጥ ፈትል ታውቃላችሁ? ከዚያ ትንሽ ይወፍር እንደሆነ ነው።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ድምፃቸው" አለኝ።

አቤት የፈጣሪ ሥራ! ስንት ዓመት ሙሉ ማኅሌት የቆመ፣ ስንቱን ተማሪ ዜማ ያስቀጸለ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሞላ ድምፅ በዚች ክር ነው የሚሄደው? እኔ ድምፅ ማለት ትልቅ ነገር፣ ደረት የሚያህል ነገር ይመስለኝ ነበር። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። በማስክ ውስጥ እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት ስወጣ ነው።

የኔታ ሲነቁ ሐኪሙ ከራስጌያቸው ቆሞ ነበር። ልማዱ ነው፤ እንቅርት የወጣለት ሰው እንደነቃ ድምፅ እንዲያሰማ ይጠየቃል።

"የኔታ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ አልቋል። እስቲ ኢ ይበሉ።"

የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። አፋቸው አልተከፈተም።

"ኢ ይበሉ፣ የኔታ። ትንሽ።"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምስጋና መሰለን። ሐኪሙ ማደንዘዣው አልለቀቃቸውም አለ። በማግስቱም ዝም። ከዚያም ወዲያ ዝም። ሳል ሲመጣባቸው እንኳ በጋቢያቸው አፍነው ይውጡታል። "ይጻፉልን" ብለን እስክሪብቶ ብንሰጣቸው በእጃቸው መለሱት። ሚስትየው አልጋው ሥር ተቀምጠው አንጀት ይበላሉ፤ "እባክዎ፣ ይስደቡኝ እንኳ! እንደ ልማድዎ ‘ዝም በይ’ ይበሉኝ!" ይላሉ። የኔታ እጃቸውን ያዝ ከማድረግ በቀር ምንም።

ሐኪሙ ሰው አልመስል አለ። እቢሮዬ ይመጣል፣ "ያን ፎቶ ክፈችው" ይለኛል። ነርቩን ኮምፒውተሩ ላይ አጉልተን እናየዋለን።

"እይው፣ አልተቆረጠም። ሙሉ ነው አይደል?"

"ዶክተርዬ፣ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ግን ሙሉ ነው፤ ዓይኔ እያየ አልተቆረጠም።"

"ሳይቆረጥም ተስቦ ሊጎዳ ይችላል" ይላል ለራሱ። "በሁለቱም በኩል? እንዴት በሁለቱም?" ከዚያ ሳይሰናበተኝ ይወጣል። እኔም ብቻዬን ስቀር ፎቶውን አየዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጥራት አንስቼው፣ ድምፅ ይኑርበት አይኑርበት ሊነግረኝ አለመቻሉ አናደደኝ።

እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሐኪሙ ነው። "ነገ ወደ አዲስ አበባ እልካቸዋለሁ፤ ጉሮሯቸውን በመሣሪያ ይዩልኝ። አብሮ የሚሄድ የአንገት ፎቶ ዛሬ አንሺልኝ" አለኝ። እሑዴን ስለነካብኝ እያጉረመረምኩ ሄድኩ።

የኔታ አልጋቸው ላይ ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀምጠው ነበር። ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል። ጨርቁን የምሰቅልበት ስላጣሁ ሚስትየውን "እማማ፣ ከኋላቸው ይያዙልኝ" አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሰማያዊውን ጨርቅ ያዙ፤ ከጨርቁ በላይ የነጠላቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየኝ። ካሜራዬን አነሳሁ።

"ቀና ይበሉ፣ የኔታ።"

ቀና አሉ። ስፌቱ በአንገታቸው ላይ እንደ ቀጭን ማተብ ተጋድሟል። ልክ የካሜራዬን ቁልፍ ስጫን ስፌቱ ተነቃነቀ። ከመስማቴ በፊት አየሁት። ‘ይሄ ሰውዬ ዋጠ፣ አበላሸብኝ’ ብዬ ልበሳጭ ስል ድምፁ መጣ።

"ሃሌ ሉያ..."

መጀመሪያ ሻከር አለ፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ይመስል ነበር። ቀጥሎ ጠራ። ከማዶ ያሉት ካህናት ዜማውን ሲያነሱ፣ የኔታ እነሱን እየተቀበሉ፣ ከፍ፣ ደግሞ ከፍ እያሉ ሄዱ። ጨርቁ ወደቀ። ሚስትየው መሬት ላይ ተደፍተው እልል አሉ። ከጎን ያለው እግሩ የተሰበረ ገበሬ አልጋው ላይ ተነስቶ ካልተቀመጥኩ ብሎ ታገለ። መድኃኒት ይዛ የገባች ነርስ ትሪዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። እኔ ካሜራዬ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ማውረድ ፈራሁ። ያን ክር አይቻት የለ? ውስጥ፣ ከስፌቱ ኋላ፣ የት ጋ እንዳለች አውቃለሁ። እሷ ናት ይህን ሁሉ የምታደርግ።

ሐኪሙ እየሮጠ ገባ። የኔታ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሲጨርሱ "የኔታ፣ ምን አደረግንዎት?" ብቻ አላቸው።

"ይቅር በለኝ ልጄ፣ አስጨነቅሁህ" አሉት። "ከጠረጴዛው ላይ ስታስተኙኝ ተስዬ ነበር። ጌታዬ ሆይ፣ ድምፄን ብትተውልኝ የመጀመሪያው ያንተ ነው፣ በቅዳሴህ ካልሆነ አፌን አልከፍትም ብዬ። አንተ ደግሞ ኢ በል አልከኝ።"

"ለእኔ እንኳ!" አሉ ሚስትየው ከመሬት ሆነው። "በምልክት እንኳ አይነግሩኝም? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!"

"በምልክት ከተናገርኩማ ተናገርኩ አይደል እንዴ?"

"ቆይ፣ የኔታ" አለ ሐኪሙ። "ድምፅዎ እንዳለ ግን በምን አወቁ?"

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ፤ አንገታቸውን ግን አልሸፈኑትም።

"አላወቅሁም" አሉ። "አሁን ነው ከእናንተ ጋር የሰማሁት።"

ያን ሁሉ ቀን እኛ የፈራነውን ፍርሃት እሳቸውም ይዘውት ተቀምጠው ነበር፤ አንዲት ኢ ቢሉ ይገላገሉት ነበር፤ አላሉም።

ሐኪሙ ፊቱን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። "ፎቶው ወጣልሽ?"

ከፈትኩት። ጥምጥሙ ጥርት ብሏል፣ ትከሻቸውም። አንገታቸው ግን ብዥ ብሏል፤ ስፌቱ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ አየው። ድገሚው አላለኝም፤ አዲስ አበባም የሚላክ ሰው አልነበረም።

ፋይላቸው ውስጥ ከነርቩ ፎቶ ቀጥሎ አስቀምጬዋለሁ። ጨካኝነቴን የሚያውቁ የሕክምና ተማሪዎች ሲያገኙት "ይሄ ብዥ ያለው ለምን አልጠፋም?" ብለው ይጠይቁኛል። በሽተኛው እያዜሙ ነበር እላቸዋለሁ።