ቅዳሜ በሮቢ ዳር፣ ከእማዬ ጋር

እማዬ እሺ አለች! ትናንት ከሰዓት ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «በቃ፣ ቅዳሜ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ያጣጠፍኩትን በተንሽው እኮ!»

ይህ ለሌላ ሰው ወሬ አይሆንም። ከሸዋ ሮቢት ድልድይ ተነስቶ የሮቢን ወንዝ ዳር ይዞ ቁልቁል መውረድ፣ ታች ያለው መንደር ደርሶ መመለስ፤ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። እማዬ ግን ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ወንዙን አይታው አታውቅም። ባጃጅ ውስጥ ሆነን ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። «አለፍን?» ትላለች። «አለፍን» እላታለሁ። አንዳንዴ ሳናልፍም እላታለሁ፤ የወንዙን ድምፅ ስለምትሰማ ግን አላታልላትም።

ወንድሜ የሞተው በበልግ ነው። ወንዝ ዳር ሞተር ተክሎ ሽንኩርት ያጠጣ ነበር። እኛ አገር ወደ ወንዝ ከመውረድ በፊት ደጋ ላለ ዘመድ ይደወላል፤ እኛ የምንደውለው ደብረ ሲና ላለችው አክስቴ ነው። «እዚያ ዘነበ?» ብቻ ነው ጥያቄው፣ ሰላምታው በኋላ ይደርሳል። ምክንያቱም እዚህ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ እዚያ ይዘንባል፤ ደራሹ ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ ከች ይላል። የዚያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ወንድሜ ቀና ብሎ አየ፤ ከራሱ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደጋው ጣርማ በር ላይ ጉም ተኝቷል፣ ግን ጉሙ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ሞተሩን ላንሳ ብሎ ወረደ፤ ደራሹ ወሰደው።

አስከሬኑን ያገኙት ታች ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ አንድ ሙስሊም አባትና ቤተሰባቸው። አጎቴና ጎረቤቶቻችን ወንዙን እያሰሱ እስኪደርሱ ድረስ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁም ነበር። እማዬ ከፈላጊዎቹ ጋር አልነበረችም። አስከሬኑ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያናችን ተቀበረ፣ በቃ። እኚያ አባት ገበያ በመጡ ቁጥር አጎቴን ፈልገው፣ «እናቱን አምጣልኝ» ይሉታል። እማዬ ስትሰማ፣ «በምን እግሬ?» ትላለች።

ባለፈው ለክፍል የጻፍኩትን አነበብኩላት። መምህሬ ወድዶልኝ ስለነበር ክንፍ አውጥቼ ነበር፤ ሳነብ ድምፄን እንደ ሬዲዮ አደረግሁት። መሀል ላይ አስቆመችኝ።

«ቆይ። ሾላ ሥር አስተኝተው አብረውት አደሩ ያልሽውን ማን ነገረሽ?»

«አጎቴ።»

«አደሩ?»

«ጅብ እንዳይነካው። ባልና ሚስቱ። አዲስ ነጭ ጨርቅ አልብሰውት። ሴትየዋ እስኪነጋ አለቀሱለት አለኝ።»

«ለኔ ምነው አልነገረኝም?»

«አልጠየቅሽውማ።»

«እኔ ብቻውን ያደረ መስሎኝ» አለች። ይቺን ይዛ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየችው። እኔም ልጇ አንድ ቤት እየኖርኩ አላወቅሁም።

ዛሬ ዕቅዱን እኔ ያዝኩት። አጎቴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እግሩ መሬት የሚነካው ለነዳጅ ሲወርድ ብቻ ነው። መንገዱን አይተህ ና ብዬ ላክሁት። አመሻሹ ላይ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ለሰው ልጅ መካከለኛ ነው፤ ለባጃጅ ሹፌር ስደት ነው!»

ከሳቅን በኋላ ቁም ነገሩን ነገረን። ውሃው ወርዷል፣ ወንዙን መሻገር የለብንም። የመስኖውን ቦይ ጠርዝ ይዘን እንሄዳለን፤ የሚያዳልጥ አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ተራ በተራ። ከዚያ የማሽላ ማሳ፣ ከዚያ አሸዋ። ፀሐይ ሳይከር ጥላ መድረስ አለብን። ስንመለስ እሱ በአስፋልቱ በኩል ባጃጁን አምጥቶ ይቀበለናል። «እግሬ ከተረፈ» አለ።

«በሽንኩርቱ ማሳ በኩል ነው የሚያልፈው?» አለች እማዬ።

አጎቴ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እትዬ፣ በዚያ ነው። ሌላ መንገድ የለውም።»

ጉዞው ይቀራል ብዬ ነበር። እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ የታጠፈውን ልብስ እንደገና አጠፈች። በመጨረሻ፣ «እዚያ ስንደርስ ያዙኝ እንጂ አታስቀምጡኝ። ከተቀመጥኩ አልነሳም» አለች። ከዚያ ለአክስቴ ደወልሽ ወይ ብላ ጮኸችብኝ። በኅዳር! ደወልኩ። «ጠብታ የለም፣ ቅዳሜ ጠዋትም ደውይ» አለችኝ አክስቴ።

ታች ላሉት ቤተሰብ መምጣታችንን መናገር ስላለብን አጎቴ ለእኚያ አባት ደውሎ ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ሁላችንም ሰማን።

«አባባ፣ እስካሁን ባለመምጣቴ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ተይ ልጄ። ሐዘን መንገድ ያስረዝማል። እኛም እኮ ለቅሶ ተቀምጠንለት ነበር፤ አንድም ሰው ሳያጽናናን ተነሳን። አሁን አንቺ ታጽናኚናለሽ፣ እኛም አንቺን፣ ኢንሻአላህ።»

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አጎቴ ተሽቀዳድሞ፣ «ጋሼ፣ ብዙ እንዳይደክሙ፣ ጥቂት ሰዎች ነን» አላቸው።

«ለምን ጥቂት ትሆናላችሁ? ሥጋ እንደሁ አላርድም፣ ጾማችሁንም እናውቃለን። የማሽላ እሸት እንጠብሳለን፣ ፓፓያ አለ። ሰው አምጡ። ያላወቀውም ይምጣ፣ ወላሂ እኛስ መች በቁሙ አየነው?»

እማዬ ስልኩን ስትመልስልኝ፣ «ሰምተሻል» አለችኝ። «መጻፍ ትችያለሽ አይደል፣ ጻፊውና ለሰው ንገሪ።»

ይኸው ጻፍኩት። እናንተም ኑ። ወንድሜን ባታውቁትም፣ እኛንም ባታውቁን። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ድልድዩ ጋ እንጠብቃችኋለን። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ ውሃና ጥላ ያዙ። እማዬ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ የሚዘገይ ሰው ቢኖርም ይደርስብናል።