ቅጠል ያወጣው ግድግዳ

ሚዛንን ጠዋት ጠዋት ጉም ሲውጣት፣ ከአማን በኩል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ድምፁ ይደርሳል፤ ቆይቶ ጃንጥላው፣ መጨረሻ ላይ ፊቱ። ያን ቀን ቤቱም እንደዚያው ነው የተገለጠልን። መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር። ገና ሕልም ላይ ያለሁ መስሎኝ ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። ኧረ የምን ሕልም! የጭቃው ግድግዳ ቅጠል አውጥቷል።

እኔ የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ግንባታ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል እንጂ። የቆዩ የቁጥጥር ወረቀቶቻችን ከቤቶቹ ጋር ይስማሙ እንደሆነ ይጣራ ተባለና፣ ከአለቃዬና ከአንድ መሐንዲስ ጋር ቀድመን ሳንናገር የሰው ደጅ ማንኳኳት ጀመርን። አራተኛው የእማማ ቤት ነበር። ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ የቤንች ሴት ናቸው፤ አማርኛን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

ወረቀቱ ላይ በገዛ እጄ «ቋሚዎቹ በሙሉ ደረቅ እንጨት ናቸው» ብዬ ጽፌያለሁ። ደረቅ! ያቆጠቆጠው ግን ቆርች የሚባለው ዛፍ ነው፤ በእኛ አገር ዝናብ በእርጥቡ ቆርጠው ቢተክሉት ሥር ሰዶ ያድጋል፤ ለአጥር የምንወደውም ለዚሁ ነው። ለቤት ግን ክልክል ነው፤ እያደገ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሳሳት ይሁን፣ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ እኔ ግን ምን ልበል?

ከሦስት ዓመት በፊት ግድግዳው ጭቃ ከመመረጉ አስቀድሞ ቋሚዎቹን ለማየት ስመጣ፣ ዝናቡ ጉድ ይላል። እማማ «ግቢ ልጄ፣ ትታመሚያለሽ» ብለው አጠገቡ ካለው አሮጌ የሣር ጎጇቸው ማጀት አስገቡኝ። የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝ፤ ሚጥሚጣ ጣል የተደረገበት የቡና ቅጠል አፍልተው አጠጡኝ። ዝናቡ ሣሩ ላይ ሲወርድ፣ እሳቱ ሲሞቀኝ፣ እንቅልፍና ንቃት ተደባለቁብኝ። ቅጹን እዚያው ጉልበቴ ላይ ሞላሁት። አንድም ቋሚ በእጄ አልነካሁም፤ ሰነፍ!

አለቃዬ ቅጠሉን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እማማ፣ እርጥቡን እንጨት ከተቆጣጣሪ ደብቀው ነው ያስገቡት? እንደዚያ ከሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ቤቱም ይፈርሳል» አላቸው።

እማማ ወደ እኔ ዘወር እንኳ አላሉም። «አዎ፣ ደበቅሁ። እሷ ስታይ ደረቅ ነበረ። በኋላ ቀየርኩ» አሉ።

ዝም ብል እንጀራዬ ይተርፋል፤ እሳቸው ግን ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው። ጉሙ ጓሮውን፣ የቡናውን ዛፍ፣ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖት በዓለም ላይ የቀረነው እኛ አራታችን ብቻ መሰለኝ።

«ውሸታቸውን ነው!» ብዬ ጮህኩ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ላይ እንዲህ መጮኼ አሁንም ያሳፍረኛል። «ምንም አልደበቁም። ያላየሁት እኔ ነኝ። ጎደሬ እየበላሁ ነው የፈረምኩት!»

መሐንዲሱ ሳቁን በሳል ሸፈነና «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ። አለቃዬ አልሳቀም። ቋሚው በደረቅ እንጨት ይተካ፣ ቤቱ አይነካ ብሎ ጻፈ። ለእኔ «አንቺን ነገ ቢሮ» ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ።

ወደ ኋላ ቀረሁ። «ምን ቆርጦዎት ይዋሻሉ? ቤትዎን ሊያጡ ነበር እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«ያን ቋሚ ባሌ ነው ያቆመው» አሉኝ። «ታሞ ነበር፣ ደረቅ እንጨት ፍለጋ መሄድ አልቻለም፤ ከአጥር ቆረጠ። ከሞተ በኋላ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሁልጊዜ ጠዋት ቅጠሉን እቀነጥባለሁ። ዛሬ እናንተ ቀደማችሁኝ።»

«ቤቱ እንዳይፈርስብዎት ብለው?»

«አይደለም። ቤት ጭቃ ነው፣ ደግሞ ይሠራል። አንቺን ከሥራ እንዳያስወጡሽ ብዬ ነው እንጂ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በደጃቸው አልፌ ወደ ቢሮ ስሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎራ ብዬ እንዴት አደሩ ብያቸው አላውቅም።