የልጄ ድድና የቀበሌው መፈክር

በደርግ ጊዜ ነው፤ ናዝሬት። ሚስቴ ሥራ ገብታ ስለነበር የቀበሌ ስብሰባ የሄድኩት ሕፃን ልጃችንን ታቅፌ ነው። ጡጦውን ሲጨርስ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ እንዳዘዘችን፣ የግራ ጣቴን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ድዱን መጥረግ ጀመርኩ። ድንገት መፈክር ተጀመረ። ያኔ ግራ እጁን ያላነሳ ወዮለት! ደንግጬ እጄን ከነጨርቁ አነሳሁ።

«ነጭ ባንዲራ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ጓድ፣ ለማን ነው እጅ የምትሰጠው?»

«ኧረ የልጄን ድድ እየጠረግኩ ነው!»

አላመነኝም። ከመድረክ ወርዶ መጣና ሊፈትሽ ጣቱን ወደ ልጁ አፍ ሰደደ።

«እጅዎን ታጥበዋል?» አልኩት፣ አምልጦኝ።

አለቀልኝ አልኩ። ሊቀመንበሩ ጣቱን አገላብጦ አየና መድረኩ ላይ ተመልሶ ጮኸ፦

«ያልታጠበ እጅ ይውደም!»

ሁላችንም ያልታጠበ ግራ እጃችንን አንስተን «ይውደም!» አልን።